ዝማሬ አለች

ኡፕሳላ፣ ስዊድን፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017

…ከዚያ ደግሞ በሳሎኑና በጓዳው መካከል ያለው ጠባብ መተላለፊያ፤ መስኮት የሌለው፣ እጅሽን ዘርግተሽ ሁለቱንም ግድግዳ የምትነኪበት። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ይጮኻል። እማዬ ትጣራለች። እኔ መሃል ላይ ቆሜ ድምፅዋ ከየት እንደሚመጣ አጣለሁ። ከፊቴ ይመስለኛል። ደግሞ ከኋላዬ። ያን ቀን ምን ብላ ነበር የጠራችኝ? ወይስ የጠራችው አንቺን ነበር? እዚህ ላይ ትዝታዬ ይቆማል፤ ከዚህ አልፎ አያውቅም።

ፌኔት፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ጀመርኩ፤ ይቅር በዪኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ፣ ቤታችሁ፣ ደጃችሁ እንዴት ነው? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። እዚህ ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፤ ከሥራ ሳልወጣ ይመሻል።

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ በከተማው ቤተ መጻሕፍት የድርሰት ትምህርት እማራለሁ። መምህራችን አጭር የፍርሃት ታሪክ ጻፉ ብሎናል። ጎቲክ ይሉታል። አሮጌ ቤት ይኖራል፤ ዶፍ ዝናብ ይኖራል፤ ከአልጋ የማትነሣ ሴት፣ ከእሷም ጋር ተዘግቶ የሚኖር ሰው። ሌሎቹ ሁሉ ግንብ ጻፉ። እኔ የነቀምቴውን፣ የባኬ ጃማውን ቤታችንን ጻፍኩ። ጭቃ ቤት ያስፈራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቆይ፣ አልኩት።

ስለዚህ እርጂኝ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮው ምን ዓይነት ድምፅ ነበር የሚያወጣው? የጓዳው በር አሁንም ራሱን ይከፍታል? እማዬ ብቻዋን ስትሆን ከማን ጋር ታወራለች? አንቺ ውስጡ ስለምትኖሪ አታዪው ይሆናል። እኔ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ።

ሌላም አለ። እማዬ ስልክ እንደማትነካ ዐውቃለሁ፤ ፊት የሌለው ድምፅ የሌባ ነው ትል የለ? ዐይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ለሁለታችን የቀረን ይኸው ወረቀት ነው። ግን ስታነቢላት «ዝማሬ እንዲህ አለች፣ ዝማሬ እንዲያ አለች» እንደምትዪ ጽፈሽልኝ ነበር። አለች፣ አለች አትበዪ። የአባቴ የወንድሙ ልጅ ብቻ ሳትሆኚ እህቴ ነሽ፤ ይህን የምልሽም ስለዚያ ነው፤ መካከላችን አትግቢ። ለእሷ የጻፍኩት ገጽ ከዚህ ጋር ታጥፏል። «እማዬ፣ እኔ ዝማሬ ነኝ» ብለሽ ጀምሪ፤ እኔው እንደምናገር አድርገሽ ጨርሺው።

እህትሽ ዝማሬ

ነቀምቴ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017

ለእህቴ ለዝማሬ ጉደታ፣

የጌታ ሰላም በሄድሽበት ሁሉ ቀድሞሽ ይግባ። አካም ጅርታ? ፈያዳ? እኛ ደህና ነን። አዮም ደህና ናት፤ ምግብ ትበላለች፤ ፀሐይ ሲሆን በረንዳ ላይ አወጣታለሁ። እናትሽን አሁንም አዮ ነው የምላት። እማዬ የሚለው የአንቺ ስለሆነ አልነካሁትም።

ስለ ቤቱ ጠይቀሻል። የጓዳው በር ራሱን አይከፍትም፤ ማጠፊያው ላልቶ ነው። በየክረምቱ ሚስማር የምመታው እኔ ነኝ። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያገኘው ቋ፣ ቋ ይላል። ለአንቺ ሰው የሚራመድበት ሊመስልሽ ይችላል። እኔ ግን ስለሚያፈስበት ቦታ ነው የማስበው። አዮ ብቻዋን ስትሆን ከማን ጋር እንደምታወራ አላውቅም፤ ብቻዋን ትቻት አላውቅማ፤ ትምህርት ቤት ስሄድ እንኳ ጎረቤት ይቀመጥላታል።

የሚገርምሽ፣ በዚህ ወር አሥራ አንደኛ ክፍል የማስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ገጸ ባሕርያትና መቼት ፍርሃትን እንዴት እንደሚፈጥሩ። እንግሊዝኛው መጽሐፍ ላይ ያለው ቤት እንዳንቺ ጓደኞች ግንብ ነው። አንድ ነገረኛ ተማሪ አለኝ። እጁን አወጣና፣

«ቲቸር፣ ይኼ ሁሉ ክፍል ካለው ባለቤቱ ለምን አያከራየውም?» አለ።

ክፍሉ በሳቅ አበደ።

«እሺ፣ አንተን ምን ያስፈራሃል?» አልኩት።

«የእርስዎ ፈተና!»

እንደገና ሳቅ። ኬኔ ብቻ አልሳቀችም። ከጊዳ አያና ግጭቱን ሸሽታ መጥታ አክስቷ ጋ የምትኖር ልጅ ናት፤ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የምትቀመጠው። «ባዶ ቤት ምንም አያደርግም፣ ቲቸር» አለች። «የሚያስፈራው ሰው እያለበት ሲጠሩት ዝም የሚል ቤት ነው።» ማንም ዞሮ አላያትም። ደወሉ እስኪደወል ስለ መቼት ማብራራቴን ቀጠልኩ። ምን እንዳብራራሁ ግን አላስታውስም።

አንቺ ቤታችንን ማስፈራሪያ ልታደርጊው ነው። አድርጊው። እዚያ ማንም አያውቀንም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ግንቡን የጻፉት ልጆች ግንቡን ለሚጠርገው ሰው ደብዳቤ ይጽፋሉ?

ያልሽውን አደረግሁ። «እማዬ፣ እኔ ዝማሬ ነኝ» ብዬ ጀመርኩላት። መጀመሪያ አፌ ላይ ከበደኝ፤ ወደ መካከሉ ስደርስ ቀለለኝ። አዮ እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ያዘች። ሳነብም ስጨርስም አልለቀቀችውም። በዚህ መካከል ጎረቤታችን ኢቢሴ ገባችና ስለ አንቺ ጠየቀቻት። አዮ ቆየት ብላ፦ ዝማሬ አለች።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ብርዱን ጌታ ያቅልልሽ።

ፌኔት

ኡፕሳላ፣ ጥር 8 ቀን 2017

ለውድ እህቴ ለፌኔት፣

ሰላምሽ ይብዛ፤ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው። ደብዳቤሽ ከገና በኋላ ደረሰኝ።

ቆየት ብላ ዝማሬ አለች። ይህችን መስመር ብዙ ጊዜ አነበብኳት። አውቶቡስ ውስጥ። የሥራ ልብሴን ስቀይር። ስሜን ጠራች ማለት ነው። ሌላ ምንም ሳትጨምር፣ ስሜን ብቻ። አንቺ ግን ይህን የሚያህል ነገር ከሚስማሩና ከማጠፊያው በኋላ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ጣል አደረግሽው። መጻፉ ከብዶሽ ነበር?

እንደምታውቂው የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ነው። አንዲት አሮጊት አሉ፤ በልጃቸው ስም ይጠሩኛል። ደንባችን በዚያ ስም መልስ እንዳንሰጥ ነው። ዝቅ ብለን፣ እጃቸውን ይዘን፣ የራሳችንን ስም እንነግራቸዋለን። «እኔ ዝማሬ ነኝ።» ያን ጊዜ ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን… እሱን መጻፍ አልቻልኩም። ድርሰቱ ውስጥም አልቻልኩም።

ጣታቸውን አንድ በአንድ ሳጥብ የእማዬ ጣቶች ይመጡብኛል። እነሱን የምታጥቢው አንቺ ነሽ። እኔ የሰው እናት፣ አንቺ የእኔን። በመልካም ልብ እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ምስጋናዬም ከልቤ ነው። ግን ምስጋናዬ ሥር ሌላ ነገር አለ። ቀናሁ ልበልሽ? ቀናሁ። ስትቆጪያት እንኳ ድምፅሽን ትሰማለች።

ታሪኩ እየሄደ ነው። መምህሩ ገጸ ባሕርይዋን ወደዳት፤ አንቺን ማለቴ ነው። ማለቴ፣ አሮጊቷን የምትጠብቀውን ዘመድ። ክፉ አይደለችም። አትሰርቅም፣ አትመታም፣ መርዝ አታበላም። ቤቱም እንዲሁ ቤት ነው። ዝናቡ ብቻ አያቆምም፤ ስለማያቆምም የሚነገረው ሁሉ ግማሹ ይጠፋል። በሰማውና ባልሰማው መካከል ያለውን አንባቢው ራሱ ይሞላዋል፤ ፍርሃቱ እሱ ነው ይላል መምህሩ። የዘመዷ ድምፅ ደግሞ ቀስ በቀስ… አልጨረስኩትም።

ንገሪኝ። ስታነቢላት በየትኛው ድምፅ ነው የምታነቢው? በአንቺ ወይስ በእኔ?

ዝማሬ

ነቀምቴ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017

ለእህቴ ለዝማሬ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። መልሴ ዘገየ። የፈተና ወቅት ነበር ማለት እችላለሁ፤ ፈተናው ግን ካለቀ ቆይቷል።

«አለች» የሚለውን ቃል አላልተሽ አነበብሽው። ለ ይጠብቃል። ወረቀት ይህን አይለየውም፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አዮ አልጠራችሽም። ኢቢሴ «አዮ፣ ልጅሽ መቼ ትመጣለች?» ብላ ጠየቀቻት። አዮ ጉልበቴን እንደያዘች የመለሰችላት እሱን ነው። ዝማሬ አለች። እዚህ አለች። ይቺው።

ኢቢሴ ሳቀች። «ኤሳ ጅርቲ? የት አለች?» አለች እኔን እያየች፤ አዮ የምትቀልድ መስሏት። አዮ ጉልበቴን መታ መታ አደረገች። ኢቢሴ ከዚያ በኋላ አልሳቀችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሰሞኑን ስታገኘኝ ሰላምታዋ አጭር ነው።

ነገሩ ቀላል ነው፤ አንቺም ይገባሻል። «እኔ ዝማሬ ነኝ» ያላት አፍ የእኔ ነው። አለች የሚለውን አንሺ ብለሽኝ አነሣሁት። ሳነሣው አንቺ መጣሽ።

ከዚያ ወዲህ ከጓዳ ስትጠራ ዝማሬ ነው የምትለው። መጀመሪያ ዝም አልኩ። ደግማ ጠራች፤ ደጋገመች። ዝናቡ እየጣለ ነበር፤ ሳልሰማት የቀረሁ መስሏት ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ከዚያ ድምፅዋ መፍራት ጀመረ። ኬኔ ያለችው ትዝ አለኝ። አቤት አልኩ።

በመጦሪያችሁ ደንብ አለ ብለሻል። ለእኔ ማን ደንብ አወጣልኝ?

ከአባቴ ቤት፣ ከቢላ፣ ለትምህርት የመጣሁበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ? እንግዳ ሲመጣ አዮ ታስተዋውቀን ነበር። «ይቺ ልጄ ናት። ይቺ ደግሞ የጉደታ የወንድሙ ልጅ።» ክፋት የለበትም፤ እውነቱን ነው የምትናገረው። ልብስ አላበላለጠችንም፤ እንጀራ አላበላለጠችንም። እኔ ግን ያቺ አጭር ቃል፣ ልጄ፣ ወዴት ዞራ እንደምትሄድ እያየሁ አደግሁ። አሁን ወደ እኔ ዞረች። በአንቺ ስም ነው፤ ዐውቃለሁ። እጇ የሚሞቀው ግን እኔ ጉልበት ላይ ነው።

በየትኛው ድምፅ? መጀመሪያ በራሴ ነበር። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ ሲንጫጩ «ኧረ በፈጣሪ!» አልኩ። እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም። የአንቺ ነው። ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ ሌላ ሰው የተናገረ መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ።

አሁን ላስቸግርሽ ነው። አዮ ትጠይቀኛለች። «አባትሽ የተቀበረ ዕለት ጆሮዬ ላይ ምን ነበር ያልሽኝ? ደግመሽ በዪኝ» አለች። ዝም ስል ከፋት፤ ምሳዋን ገፋችው። ምን ብለሻት ነበር? ጻፊልኝ። ሌላም የምታስታውሺውን ጨምሪበት፤ ትንሽ ሳለሽ ምን ብላ ታቆላምጥሽ እንደነበር፣ ስትቆጣ በምን ታባብያት እንደነበር። ለታሪክሽ ቤቱን ሰጥቼሻለሁ፤ አልተሳሳትኩም አይደል?

ፌኔት

ኡፕሳላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017

ፌኔት፣

ሰላም ብያለሁ። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ ልል ነበር፤ ይጠብቅ የሚለውን ጽፌ እሱንም እንዴት እንደማነበው ጠፋኝ።

አልነግርሽም። ያን ቃል ለእሷ ነው የተናገርኩት፤ ልቅሶው መካከል፣ አፌን ጆሮዋ ላይ አድርጌ። አንቺ ክፍሉ ውስጥ ነበርሽ፤ ለሰው ውኃ ታድዪ ነበር። አልሰማሽውም። ያልሰማሽው አንድ ነገር ይቅርልኝ።

ለእሷ መጻፉንም አቁሜያለሁ። ከአሁን በኋላ የምታነቢላት የለሽም። እውነቱን ንገሪያት፤ እጇን ያዥና «እኔ ፌኔት ነኝ» በዪያት። ፊቷን እዪው። እኔ በየቀኑ የማየውን አንቺም አንዴ እዪ።

ታሪኩን ለክፍሉ አነበብኩ። አንዷ «ማነው ክፉው?» አለች። ማንም፣ አልኩ። «እንግዲያው ምኑ ያስፈራል?» ወረቀቶቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ወደ አውቶቡሱ ስሄድ ግን አንድ ነገር ገባኝ። አሮጊቷ ስም አላት። ጠባቂዋ ስም አላት። ሩቅ አገር ያለችው ልጅ ስም የላትም። አውቄ አይደለም። ሳላወጣላት ነው የጨረስኩት።

የሐምሌን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እመጣለሁ።

ዝማሬ

ነቀምቴ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017

ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለመንገድሽ። ክረምቱ ገብቷል። ደመናው እስከ በረንዳው ወርዷል፤ ከቤታችን በር ሆነሽ የግቢውን አጥር አታዪውም።

ያልሽውን አደረግሁ። ሁልጊዜም ያልሽውን ነው የማደርገው። ከቁርስ በኋላ እጇን ያዝኩና «አዮ፣ እኔ ፌኔት ነኝ» አልኳት።

ሳቀች። «ፌኔትማ ስዊድን ናት» አለች።

እጇን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ከሄደች ቆየች። ወረቀት እንኳ አትልክ።» ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ዝማሬ፣ እናትሽ ስለ እኔ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም። ከቢላ ስመጣም፣ ኮሌጅ ስሄድም፣ ታይፎይድ ሊገድለኝ ሲልም። «ያቺ ልጅ ሳትታዘዝ ነበር የምትሠራው» አለች። «አንድ ቀን በሰው ፊት ልጄ ናት ብያት አላውቅም። ብትመጣ እላት ነበር።» አጠገቧ ተቀምጫለሁ። እንባዋን የምጠርገው እኔ ነኝ። «ትመጣለች፣ እማዬ» አልኳት። አዎ፣ እማዬ አልኩ።

ያን ዕለት በማን እንደቀናሁ ልንገርሽ? በአንቺ አይደለም። ስዊድን ባለችው ፌኔት ቀናሁ።

ነይ አልልሽም፤ አትምጪም አልልሽም። ቤቱ ያንቺ ነው። ግን እንዴት እንደምትገቢ አስቢበት። በረንዳው ላይ ሆነሽ ትጣሪያለሽ፤ እሷ «ማን ናት?» ትላለች። ዝማሬ ካልሽ፣ ዝማሬ አጠገቧ ተቀምጣለች። አይታ እንድትለይ ዐይን የላትም። ሌባ ድምፅ መጣብኝ ብላ ትጮኻለች። እውነቱን በግድ ልናስረዳት እንችላለን፤ እስክታምነን ድረስ ግን በሁለታችንም መካከል ብቻዋን ትሆናለች።

ፌኔት ነኝ ካልሽ ግን እየጠበቀችሽ ነው።

እኔ በሩን እከፍታለሁ። የምትናገሪው አንቺ ነሽ።

[ስሜን ከታች መጻፍ ጀምሬ ተውኩት፤ ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ።]

ነቀምቴ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017

ለፌኔት፣ ቢላ፣ በአባቷ ቤት በኩል። እዚያ ከሌለች ያለችበትን የሚያውቅ ሰው ያድርስልኝ።

ሰላምታ በየትኛው ስም እንደሚጻፍ ስላላወቅሁ ሳልጽፍ ሰነበትኩ። ኢቢሴ ወደ ቢላ የሚሄድ ሰው አለ አለችኝ። እማዬ ደህና ናት። ትበላለች። አሁን በረንዳ ላይ የማወጣት እኔ ነኝ።

ዝናቡ ሲያባራ የምትመለሺ መስሎኝ ነበር። ያን ከሰዓት በኋላ እኔ ካየሁበት በኩል ልንገርሽ፤ አንቺ ካየሽበት በኩል ምን እንደነበር አላውቅም።

ከአዲስ አበባ ጀምሮ ሁለቱን ስሞች አፌ ውስጥ ሳመላልስ መጣሁ። አምቦ ላይ ዝማሬ ነበርኩ። ባኮ ላይ ሾፌሩ ለምሳ ሲያወርደን አንዲት ሴት በኦሮምኛ ስሜን ጠየቀችኝ፤ መልስ ከመስጠቴ በፊት አሰብኩ። ባጃጁ ደጃችን ላይ ሲያወርደኝ ዶፉ ጀመረ። ቤቱ ከጻፍኩት ያነሰ ነው። ግድግዳው በቅርብ ተለስኗል፤ አንቺ ነሽ የለሰንሽው። የሚያስፈራ ነገር አላየሁበትም፤ ይህ ራሱ አስፈራኝ። ተጣራሁ። ቆርቆሮው ዋጠው። እንደገና ተጣራሁ።

«ማን ናት?»

የእማዬ ድምፅ። የወረቀት አይደለም፤ የጉሮሮ። በሩን ከፍተሽ ወደ ጎን ቆምሽ። ፀጉርሽን እንደ እኔ ወደ ኋላ አስረሽዋል፤ ወይም ድሮም እንዲያ ነበር የምታስሪው፤ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። አልሳምሽኝም፤ አልሳምኩሽም። አገጭሽን ብቻ ትንሽ ቀና አደረግሽ፤ በዪ እንደማለት።

«ፌኔት ነኝ» አልኩ።

እማዬ ሳትደገፍ ተነሣች። እየዳበሰች መጣች፤ ወንበሩን ገፋችው፤ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤ ግንባሬን፣ ጆሮዬን፣ የረጠበ ትከሻዬን። «ልጄ» አለች። «ልጄ፣ ልጄ፣ መጣሽልኝ?» ፌኔት፣ በሕይወቴ እንዲያ አቅፋኝ አታውቅም። በራሴ ስም አንድም ቀን እንዲያ አቅፋኝ አታውቅም። አንገቷ ላይ ሆኜ አየሁሽ። አንቺም አየሽኝ። ለአንቺ የተቀመጠውን እየወሰድኩት እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን፤ እኔ መልሼ ልሰጥሽ አልቻልኩም፤ ክንዷ ጠብቆ ነበር።

ጃንጥላውን ከሚስማሩ ላይ አነሣሽ። ወደ በረንዳው ወጥተሽ ጎንበስ ብለሽ ጫማሽን አሰርሽ። በሩን ክፍት ተውሽው፤ ዝናቡ ደፉን አልፎ ወለሉ ላይ ይረጫል።

«ዝማሬ» አለች እማዬ፣ እኔን እንዳቀፈች፣ ፊቷን ወደ ጓዳው አዙራ። «በሩን ዝጊው እንጂ፣ ልጄ። ዝናቡ እየገባ ነው።»

እኔም ልዘጋው ተነቃነቅሁ። አንቺም ቀና አልሽ።

በሩ ከውጭ ተዘጋ።